አትቀስቅሱት

ባሌን በስሙ የሚጠራው የለም። ሰፈሩ ሁሉ «አስተኚው» ነው የሚለው፤ እኔም ካልተናደድኩበት በቀር እንዲያው ነው የምለው። ፀጉር አስተካካይ ነው። እጁ ከመቅለሉ የተነሳ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጢሙ ተላጭቶ ሳያልቅ ያንቀላፋል። መጀመሪያ አንገቱ ይላላል፣ ቀጥሎ አፉ ይከፈታል፣ ከዚያ ማንኮራፋቱ ይመጣል። ሌላ ፀጉር አስተካካይ ቢሆን ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ጨርሻለሁ ጌታዬ» ብሎ ይሸኘው ነበር፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ። የእኔው ጉድ ግን ፎጣውን ደረቱ ላይ ያለብሰውና ወንበሩን ቀስ አድርጎ ከመስታወቱ ወደ ግድግዳው ያዞርለታል። ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው ሁለተኛውን ወንበር ያራግፋል።

«አትቀስቅሱት» ይላል ማንም ጮክ ብሎ ሲያወራ። «ቤቱ እንቅልፍ ቢያገኝ ኖሮ እዚህ አይተኛም ነበር።»

ስንት ጊዜ ተጣልተናል በዚህ! ሁለት ወንበር ነው ያለው፤ አንዱ ሁልጊዜ የተኛ ሰው አለበት። «ፀጉር ቤት ነው ወይስ አልጋ ቤት?» እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይመልስም። ሰው ቀስቅሶ አያውቅም። ልጃችን ትንሽ ሆና እንኳ ትምህርት ቤት ሊረፍድባት ሲል እኔን ነበር የሚልከኝ።

የእኔ ድርሻ ፎጣዎቹና ነጭ ጋውኖቹ ናቸው። ቤት አምጥቶ ይሰጠኛል፣ አጥቤ፣ ተኩሼ እመልስለታለሁ። ጋውኑን ከቤት ለብሶ ነው የሚወጣው፤ መንገድ ላይ ሐኪም መስሏቸው ሰላም የሚሉት አሉ፣ እሱም ደስ ይለዋል። ከጋውኑ ስለ ሰውዬው የማላውቀው ነገር የለም። ማን ፀጉሩን እንደተቆረጠ፣ ሽበታም ይሁን ጥቁር፣ ምሳ ላይ ምን እንደፈሰሰበት። ቀበቶው አካባቢ ጋውኑ ሰፋ እያለ ሲመጣም በመጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ።

ከስቶ ነው። ድካም ጀምሮት ነበር። ቀን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው በየመሃሉ የደንበኛውን ወንበር መደገፍ አመጣ። «ዕድሜ ነው» ይላል። «ዕድሜ እኔንም ይዞኛል፣ እኔ ግን ጉንጬ አልሟሸሸም» አልኩት። ጎትቼ ነው ሐኪም ቤት የወሰድኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አልትራሳውንድ የሚያነሳው ልጅ መሣሪያውን በቀኝ ጎኑ ላይ ያንሸራትታል። «ትንፋሽ ይያዙ። ይልቀቁ።» እኔ የእጅ ነገር አውቃለሁ፤ የፀጉር አስተካካይ ሚስት ነኝ። እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አለፈ። ተመልሶ መጣና እዚያው ቆመ። ልጁ ወሬውን አቋረጠ።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሁለት ነገር አለ አለችን። አንደኛው ሄፓታይተስ ሲ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ለብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ጉበቱ ውስጥ ኖሮ ጉበቱን በጠባሳ ሞልቶታል። ሁለተኛው ጠባሳው ላይ የበቀለ ዕጢ ነው።

«ካንሰር ነው?» አላት እሱ።

«ነው» አለች። አልሸፋፈነችም፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ያኔ ግን ልገድላት ደርሼ ነበር።

ከየት እንደያዘው አይታወቅም። በደም ነው የሚተላለፈው። ሙያውን በሚማርበት ዘመን አንድ ምላጭ ለስንት ሰው ይሠራ ነበር፣ የእሱም ጣት ሳይቆረጥ የዋለበት ቀን አልነበረም። እኔና ልጃችን ተመረመርን፤ ነፃ ነን። የራሱን ውጤት ከጠበቀው ይልቅ የእኛን ሲጠብቅ ነው ሰውነቱ ያለቀው። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አደረገ። የድሮ ደንበኞቹን አንድ በአንድ፣ ፎጣውን አንገታቸው ላይ እያሰረ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቶብኛል፤ ደማችሁን ታዩ» አላቸው። አንዳንዱ በዚያው ቀረ። ጡረታ የወጣው ሾፌር ግን ሄዶ ተመርምሮ፣ ነፃ መሆኑን ሰምቶ ተመለሰና ወንበሩ ላይ እንደ ልማዱ ተኛ። ባሌ ያን ቀን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው የመጣው። ሾፌሩን ከዚያ ወዲህ እንደ ወንድሙ ነው የሚያየው። ለዚህ ነው ሾፌሩ የተናገረው ነገር ኋላ ያን ያህል የገባበት።

መጀመሪያ ዕጢውን አቃጠሉት። በቆዳው አልፎ የሚገባ ቀጭን መርፌ አላቸው፤ ጫፉ ይግላል፣ ዕጢውን እዚያው ያበስለዋል። ትንሽ ሳለ ስለተገኘ ነው ይህ የተቻለው። ዓይኑን ጨፍኖ በአልጋ ሲወጣ አመድ መስሎ ነበር። እኔ ኮሪደሩ ላይ መንሰቅሰቅ ጀመርኩ፤ ሐኪሟ ክንዴን ይዛ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«አይዞዎት፣ አሁን ተኝቷል» አለችኝ።

ባሌን የምትል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሰምቷል፤ ስለ ዕጢው እንደሆነም ገብቶታል። «ተኝቷል አለች?» ብሎ ጠየቀኝ መኪና ውስጥ። «አዎ» አልኩት። «ተኝቷል» አለ ለራሱ።

ያቺ ቃል እኛ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ባሌ በር ቀስ ብሎ መዝጋት ጀመረ። ሳል ሲመጣበት አፉን በክንዱ አፍኖ፣ በሌላ እጁ ጎኑን ይዞ ነው የሚስለው። በቀኝ ጎኑ መተኛት አቆመ። ደረጃ ሲወርድ እግሩን የሚያሳርፈው ሕፃን አስተኝታ ከክፍል እንደምትወጣ እናት ነው። ሳቅ ቀረ። ይህ ነው የከበደኝ፤ ሰውዬው ሳቅ ቤቱ ነበር። ምንጣፍ ላራግፍ ስወጣ እንኳ «ኧረ ቀስ በይ» ይለኛል። «ምንጣፉ ጉበትህ ላይ ነው የተነጠፈው?» እለዋለሁ፣ እሱ ግን ቀልድ አይሰማም። አንድ ቀን እኔም ድስቱን ክዳኑ እንዳይጮህ በጨርቅ ይዤ ስከድን ራሴን አገኘሁት። ለመሆኑ ማን እንዳይሰማ ነው? ፍርሃት እንደዚህ ነው፤ ሲገባ አያንኳኳም፣ አንዴ ከገባ ግን ቤተኛ ይሆናል።

ከጊዜ በኋላ ሲቲ ስካን ተነሳና ምንም የለም ተባለ። ያኔ ሐኪሟ «አሁን ወደ ቫይረሱ እንሂድ» አለች። በቀን አንድ ክኒን፣ ሦስት ወር። የጎንዮሽ ጉዳቱም ቀላል ነው። ቫይረሱ ከጠፋ ጉበቱ ያገግማል። ደስ ብሎን ወጣን። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ ከውሃ ጋር በእጄ አቀብለዋለሁ፣ ወደ አፉ ይወረውረዋል፣ ውሃውን ይጨልጣል፣ ጋውኑን ለብሶ ይወጣል። እኔም ጠባቂ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ። ለካስ ማንን ነው የምጠብቀው!

አንድ የእጥበት ቀን ጋውኖቹን ከውሃ ሳወጣ የአንዱ የደረት ኪስ ላይ ሮዝ እድፍ አየሁ። ውሃ ውስጥ መልሼ ነከርኩት፣ አወጣሁት፤ እድፉ ሰፋ እንጂ አልለቀቀም። ሮዝ። ደረት ላይ። የወንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ሮዝ ነገር ምን ይሠራል? ደሜ ፈላ። ይህ ከሲታ፣ ይህ ሳሉን አፍኖ የሚስል ሰውዬ! እኔ ለእሱ ስንሰፈሰፍ፣ እሱ የከንፈር ቀለም በደረቱ ይዞ ይዞራል! የማውቃቸውን ሴቶች ሁሉ በልቤ አሰለፍኳቸው። የቤቱ አከራይ መበለቷ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ እሷ ቀይ ነው የምትቀባው።

ለምሳ ሲመጣ ጋውኑን እንደ ረጠበ ወንበሩ ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁት።

«ይቺ ማናት?» አልኩት።

አየው። ይስቃል ብዬ ነበር፣ ወይም ይቆጣል። ፊቱ ግን ድንገት ደም ከዳው። ወንበሩ ላይ ጋውኑን ሳያነሳ ተቀመጠበት፣ ሱሪው ረጠበ፣ አልታወቀውም። ከዚያ በለበሰው ጋውን የደረት ኪስ ውስጥ እጁን ከቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ክኒኖቹ። ሮዝ ሽፋናቸው ከምራቁ የተነሳ ተላልጦ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው።

ምነው ሴት በሆነች ብዬ ተመኘሁ። እውነቴን ነው። ምነው መበለቷ በሆነች።

«ምን አደረግክ?» አልኩት።

«ጉንጬ ውስጥ አቆየውና በሩ ጋ ስደርስ አወጣዋለሁ።»

«ለምን?»

«እንዳይቀሰቀስ።»

ነገሩን ቀስ በቀስ ከአፉ አወጣሁት። የጀመረው ሾፌሩ ነው። ክኒኑ በተጀመረ ሰሞን ፊቱ ሳሙና ተቀብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ስማኝ፣ የእህቴ ባል የሚያውቀው ሰው ነበር» ይለዋል። «እንዳንተው ጉበቱን ታክሞ ደህና ሆኖ ነበር። ከዚያ ያንን የቫይረስ ክኒን ጀመረና የተኛው ካንሰር ተቀሰቀሰበት። ብዙም አልቆየ።» ይህን ብሎ፣ አይ ሰው! እንቅልፉን ለጠጠ። ባሌ ምላጩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ጉሮሮው ጋ መላጨት አልቻለም። በዚያ ሁሉ ዓመት የደንበኛ ጢም ሳይጨርስ ሲተው ያ የመጀመሪያው ነው።

«ሐኪሟ እኮ ተኝቷል ብላለች» አለኝ። «የተኛን ነገር በገዛ እጄ ለምን እቀሰቅሳለሁ? እኔ ሰው ቀስቅሼ አውቃለሁ?»

«ታዲያ ካልዋጥከው ለምን አትጥለውም? ኪስህ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

«መዋጡንም ፈራሁ» አለ። «መጣሉንም ፈራሁ።»

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ከሁሉም የባሰው ደግሞ፣ ያንን የተላላጠ ክኒን እያየሁ፣ እውነቱን ቢሆንስ የሚል ነገር እኔንም ወጋኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጠዋት ጠዋት በእጄ ያቀበልኩት መዳኛውን ነው ብዬ ነበር። ቀስቃሹን ቢሆንስ? በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን አውጥቼ መዳፌ ላይ ያዝኩት፣ ግን አልሰጠሁትም። እሱም አልጠየቀኝም። ጋውኑን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ሐኪሟ ጋ ወሰድኩት፤ ጋውኑንም ሰውዬውንም።

ሐኪሟ እድፉን አየች፣ ታሪኩን ሰማች። ትቆጣለች ብለን ነበር፤ አልተቆጣችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

«ቃሉ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው» አለች። «ባለቤትዎ እያለቀሱ ስለነበር የሚያጽናና ቃል ስፈልግ ነው እንደዚያ ያልኩት። ያቃጠልነው ዕጢ አልተኛም። ሞቷል። የሞተ ነገር አይቀሰቀስም።»

ባሌ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት።

«ግን» አለች። ይህችን «ግን» አልረሳትም። «ጠባሳ ያለበት ጉበት ሌላ አዲስ ዕጢ ሊያበቅል ይችላል። ክኒኑን ቢወስዱም ባይወስዱም። የሰሙት ወሬ ከሜዳ የተነሳ አይደለም፤ መድኃኒቱ ይቀሰቅስ ይሆን ብለን እኛ ሐኪሞችም ፈርተን የነበረበት ጊዜ አለ። በብዙ ሰው ላይ በደንብ ሲታይ ግን እንደዚያ ሆኖ አልተገኘም። የማይተኛው ቫይረሱ ነው። አሁን እዚህ ተቀምጠን እያወራን ጉበትዎን እየበላ ነው። ጉበቱ ከተሸነፈ ደግሞ፣ አዲስ ዕጢ ቢመጣ ማቃጠል አልችልም፣ ጉበትዎ አይችለውም። እጄን አጣጥፌ ነው የማይዎት።»

«ከወሰድኩ አይነሳም ይሉኛል?» አላት።

«አልልዎትም።»

«ታዲያ ምን ይሉኛል?»

«ከተነሳ የምንታገልበት ጉበት ይኖርዎታል ነው የምልዎት።»

ከውጭ የሚገፋ አልጋ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማል። ባሌ እንደ ልማዱ ጎኑን ሊይዝ እጁን አነሳና መሃል ላይ ተወው። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «በይ ስጪኝ» አለኝ። ክኒኑ ከጠዋት ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር፤ እንዴት እንዳወቀ አላውቅም። ሐኪሟ ውሃ ቀዳችለት፤ «ከመጀመሪያው እንቆጥራለን» አለች። ዋጠው። ከዚያ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ አሳየኝ። እሷም አየች። በሌላ ቀን ቢሆን ያስቀን ነበር።

ሦስቱን ወር እንዲያ ነው ያለፍነው። ጠዋት ይውጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ አያለሁ፣ ይወጣል። ቀን ቀን ደህና ነው። ሲመሽ ግን አስተኚው ራሱ እንቅልፍ አጣ። በጀርባው ተጋድሞ ጎኑን ያዳምጣል፤ ሆዱ ቢጮኽ፣ ወገቡን ቢቆረጥመው፣ ይኼው መጣ ነው። እኔ የተኛሁ እመስላለሁ፣ እሱም የተኛ ይመስላል። ሁለት ሽማግሌ እርስ በርሳችን ተሞኛኘን። ሱቁ ውስጥ ሰው ሁሉ እየተኛለት፣ እሱ ዓይኑ ደም ለብሶ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሾፌሩን አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼ ምላሴ እስኪዝል ነግሬዋለሁ፤ ምስኪን፣ ምን እንዳደረገ እንኳ አልገባውም ነበር።

ክኒኑ አለቀ። ሌላ ሦስት ወር ከቆየን በኋላ ደሙ ታየና ቫይረሱ የለም ተባለ። ጠፍቷል። ልጃችን በስልክ እልል አለች። እኔም እልል ልል ነበር፣ እሱ ግን ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ገና ሲቲው አለ» አለኝ።

የሲቲው ዕለት ተነሳና ውጤቱን ለመስማት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ወንበሮቹ ብረት ናቸው፣ ይቀዘቅዛሉ። ሰው ሁሉ እግሩን ያወዛውዛል። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሳነብ ትከሻዬ ከበደኝ። ዞር ስል አንገቱ ላልቷል። አፉ ተከፍቷል። ማንኮራፋት ጀመረ! ያን ሁሉ ወር ያጣውን እንቅልፍ እዚያ፣ ያ ሁሉ ሰው መሃል፣ በብረት ወንበር ላይ አገኘው። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ሳቅ አሉ። ሻርፔን አውልቄ ደረቱ ላይ አለበስኩት። ደስ አለኝ፤ ይህን ያህል ደስታ ለትንሽ ነገር ይሰማኛል ብዬ አላስብም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሌላ ጊዜ ነርሷ ናት የምትጠራን። አሁን ግን ሐኪሟ ራሷ ወጣች። ሁለት እጇ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ነው። ሳትናገር ነው የሰማኋት። ባሌን አየችው፣ ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አዲስ ነገር ታይቷል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሌላ ቦታ ላይ ነው። ትንሽ ነው።»

«ክኒኑ ነው?»

«አይደለም» አለች ዓይን ዓይኔን እያየች። «ክኒኑ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምነግርዎት ሌላ ነገር ነበር። ጉበቱ ጠንክሯል። እናቃጥለዋለን፣ ይችላል።» ቀና ብላ አየችው። «እንቀስቅሳቸው?»

«ትንሽ ይተኛ» አልኳት። «እባክዎ።»

ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

ተቀመጥኩ። እኔ፣ ስለ ተኙ ሰዎች ስንት ጊዜ የተጣላሁት ሴት፣ አልጋ የሚገፋ ሰው ሲመጣ በእጄ ቀስ በል አልኩት። ስልክ የጮኸበትን ጎረምሳ ገላመጥኩት። ያቺ እንቅልፍ ውጤቱን ሳያውቅ የሚተኛት የመጨረሻ እንቅልፉ ናት፤ ከነቃ በኋላ እንደገና ማዳመጥ ይጀምራል። ትከሻዬ ደንዝዟል። አልተንቀሳቀስኩም። እንባዬ ሲወርድ እንኳ አፍንጫዬን አልሳብኩም።

በራሱ ጊዜ ነቃ። ዓይኑን ገለጠ፣ እኔን አላየኝም፣ የተገረበበውን በር ነው ያየው።

«ተነሳ?» አለኝ።

እኛ ቤት ይህ ቃል ከዕጢው በቀር ስለ ሌላ ነገር ከተነገረ ቆይቷል። «የተነሳኸውስ አንተ ነህ» ብዬ ልቀልድ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ተነስቷል» አልኩት። «ትንሽ ነው። ጉበትህ ይችላል ብላለች። በል አንተም ተነስ፣ እየጠበቀችን ነው።»

ሻርፔን ከደረቱ ላይ አነሳ፤ እንደ ፎጣዎቹ ጠርዙን ከጠርዙ አገናኝቶ፣ አጥፎ፣ በመዳፉ ደልድሎ ሰጠኝ። ከዚያ ተነሳ።